ተጎታች የሚስብ የናፍጣ ፒክአፕ በደቡብ ምዕራብ መንገዶች፦ የሞተር ሙቀት ተገቢ ልክና አጠባበቁ

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ወደ አንድ የሰፈራ ጣቢያ የሚጓዝ የናፍጣ ፒክአፕ በጀርባው 8 ኩንታል፣ በተጎታቹ ላይ ደግሞ 11 ኩንታል እህል ቢጭን፣ በጠቅላላው 19 ኩንታል ወይም 1,900 ኪሎ ግራም ይዟል ማለት ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል በሚለው የተለመደ የቀለብ ልክ ሲሰላ ይህ ጭነት የ126 ሰዎች የወር ምግብ ይሆናል። ተሽከርካሪው በአንድ ዳገት አጋማሽ ላይ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ ቢቆምና የሞተሩ ራስ ቢሰነጠቅ፣ የሚጠፋው የመለዋወጫና የጥገና ወጪ ብቻ አይደለም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ መካኒክ እስኪገኝና መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ የሚያልፉት ቀናት የሚቆጠሩት እህሉን በሚጠባበቁት ቤተሰቦች ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዕርዳታና በማቋቋም ሥራ ላይ ለተሰማሩ ኃላፊዎች፣ የትራንስፖርት ክፍል ሠራተኞችና የመስክ ባልደረቦች ሲሆን፣ ዓላማውም ተጎታች በሚስብ የናፍጣ ፒክአፕ ላይ ተገቢው የሞተር ሙቀት ምን ያህል እንደሆነ፣ ለምን ከፍ እንደሚልና ከፍ ሲል ምን መደረግ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

የመንገዱ ጠባይ

የደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር በዕርዳታና በሰፈራ ሥራ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ስፍራ አለው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሰፍር የተደረገው ሕዝብ ወደ 600,000 ይጠጋ ነበር። አፈጻጸሙ ጥድፊያና ግዴታ የተቀላቀለበት በመሆኑ ብዙ ሕይወት የጠፋበት ዘመቻ ነበር። በ1995 ዓ.ም. በየክልሉ ውስጥ በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራምም አዳዲስ መንደሮች ተመሥርተዋል። በሁለቱም ጊዜያት ግልጽ ሆኖ የታየው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰፋሪው መሬት ቢሰጠውም እንኳ የመጀመሪያውን ምርት እስኪሰበስብ ድረስ ቀለቡ፣ መድኃኒቱና ዘሩ ሁሉ በመንገድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ዛሬም ዝናብ በሚሰንፍበት ዓመት ወደ ምዕራብ ኦሞ ዝቅተኛ ቦታዎች የሚላከው እህል የሚያልፈው ሚዛንን ይዞ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርድና ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ከደረሰ በኋላ እንደገና ወደ ደጋው ይወጣል። ከጅማ ሲነሡም በሸቤ በኩል አልፎ ወደ ሞቃቱ የጎጀብ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ቦንጋ ሽቅብ ይያዛል። ከቦንጋ እስከ ሚዛን በዉሽዉሽ፣ በሺሺንዳና በዋቻ በኩል የሚያልፈው መንገድ ደን ለደን የሚጠማዘዝ፣ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት ነው። ሚዛን በ1,450 ሜትር፣ ቴፒ ደግሞ በ1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከቴፒ ወደ ጌጫና ወደ ማሻ ለሚሄድ ተሽከርካሪ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ የሚያደርስ ረጅም አቀበት ይጠብቀዋል። በእነዚህ አቀበቶች ላይ ተጎታች የሚስብ ሞተር ረዘም ላለ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ፣ ግን በዝግታ ይሠራል፤ ለሙቀት መጨመር ከዚህ የበለጠ አመቺ ሁኔታ የለም።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ናፍጣ በሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል ከሚገኘው ኃይል ተሽከርካሪውን ለመንዳት የሚውለው በግምት አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ሌላው አንድ ሦስተኛ በጭስ ማውጫው በኩል ሲወጣ፣ ቀሪው ደግሞ በማቀዝቀዣው ውሃ፣ በዘይቱና በሞተሩ አካል በኩል ወደ አየር መተላለፍ አለበት። ስለዚህ ለመንኮራኩሩ የሚደርሰው ጉልበት በጨመረ መጠን ራዲያተሩ ሊያስወግደው የሚገባው ሙቀትም በዚያው መጠን ይጨምራል።

ከላይ የተጠቀሰውን ጭነት እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የፒክአፑ የራሱ ክብደት ከነአሽከርካሪው 2,100 ኪሎ ግራም፣ በጀርባው ያለው ጭነት 800 ኪሎ ግራም፣ ተጎታቹ ደግሞ ከነእህሉ 1,500 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ጠቅላላው 4,400 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ተሽከርካሪ በእያንዳንዱ 100 ሜትር 8 ሜትር ከፍ በሚል የጠጠር ዳገት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 36 ኪሎ ዋት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ያለ ተጎታቹ ቢሆን ኖሮ 24 ኪሎ ዋት ይበቃው ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ተጎታቹ በመቀጠሉ ብቻ የሞተሩ ሥራ፣ ከእርሱም ጋር የራዲያተሩ ሸክም፣ በግማሽ ያህል ጨምሯል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ከፊት የሚነፍሰው አየር አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ የማቀዝቀዙ ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው በቬንትሌተሩ ላይ ነው።

የአየሩም ሙቀት የራሱ ድርሻ አለው። ራዲያተር ሙቀት የሚያስወግደው በውሃውና በአየሩ መካከል ባለው ልዩነት መጠን ነው። ውሃው 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ አየሩ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 75 ነው። አየሩ 35 ዲግሪ በሚሆንበት የሸለቆ ቀትር ግን ልዩነቱ ወደ 60 ይወርዳል። ይኸው ራዲያተር ከአቅሙ አንድ አምስተኛውን አጣ ማለት ነው። ከጊቤና ከጎጀብ የሚወጡ ዳገቶች ማለዳ ሲታለፉ ቀላል የሚመስሉት፣ በቀትር ግን የሚያስቸግሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ተገቢው ልክ

የፋብሪካው መመሪያ የመጨረሻው ወሳኝ ቢሆንም፣ ለአብዛኞቹ የናፍጣ ፒክአፖች የሚያገለግለው አጠቃላይ ልክ የሚከተለው ነው።

የማቀዝቀዣ ውሃ። በሜዳ ላይ ያለ ተጎታች ከ80 እስከ 95 ዲግሪ መደበኛ ነው። ተጎታች እየተሳበ ረጅም ዳገት ሲወጣ ከ95 እስከ 105 ዲግሪ ቢደርስና ዳገቱ ሲያልቅ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ቢመለስ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከ105 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ጉልበት መቀነስ፣ ወደ 110 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ መቆም ያስፈልጋል።

የሞተር ዘይት። ከ90 እስከ 110 ዲግሪ መደበኛ ሲሆን፣ በከባድ ጉተታ እስከ 120 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ከ130 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ዘይቱ ቀጥኖ የማለስለስ አቅሙን ያጣል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ዘይት ከውሃ ይልቅ ዘግይቶ የሚሞቅና ዘግይቶ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ የውሃው መርፌ ከተመለሰ በኋላም ዘይቱ ገና ትኩስ እንደሆነ መታወቅ አለበት።

የጭስ ሙቀት። መለኪያ የተገጠመለት ባለ ተርቦ ሞተር በሜዳ ላይ ከ300 እስከ 450 ዲግሪ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ከ550 እስከ 650 ዲግሪ ሊያሳይ ይችላል። ከ700 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ መቆየት ፒስተኑንና ተርቦውን ለጉዳት ያጋልጣል። መለኪያ በሌለበት ተሽከርካሪ ላይ ዋናው ምልክት ጥቁር ጭስ ነው።

የካምቢዮ ዘይት። ማርሹ በራሱ የሚቀያየር ከሆነ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ መደበኛ ነው። በጉተታ ጊዜ እስከ 110 ዲግሪ ሊወጣ ይችላል፤ ከ120 ዲግሪ በላይ ግን ዘይቱ በፍጥነት ይበላሻል።

ከልክ በታች መቀዝቀዝም ጉድለት ነው። ውሃው ከ70 ዲግሪ በታች ሆኖ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ሞተር ናፍጣውን በሚገባ አያቃጥልም፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ሲሊንደሩም ያለ ዕድሜው ይበላል።

ከፍታና የራዲያተር ክዳን

ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያ ነጥቡ በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ መሠረት ክፍት ማሰሮ ውስጥ ያለ ውሃ በአዲስ አበባ በ92፣ በሚዛን በ95፣ በቴፒ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እነዚህ ቁጥሮች ከላይ ከተመለከተው መደበኛ የሥራ ሙቀት ጋር ሲነጻጸሩ አደጋው ወዲያው ይታያል፤ ሞተሩ ጤናማ ሆኖ በ95 ዲግሪ እየሠራ ሳለ ውሃው ሊፈላ ይችላል ማለት ነው።

ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጥ ያለውን ግፊት ከውጪው አየር በ0.9 ባር ያህል ከፍ አድርጎ ሲይዝ፣ በሚዛን ከፍታ ላይ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ116 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ግማሽ በግማሽ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲጨመርበት ደግሞ መፍያው ከ120 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ስለሆነም የክዳኑ ጎማ የደረቀ፣ ምላሱ የላላ ወይም በሌላ ክዳን የተተካ እንደሆነ፣ በዋጋው እጅግ አነስተኛ የሆነው ይህ ዕቃ የ20 ዲግሪ መጠባበቂያን ይዞ ይጠፋል። በብዙ አጋጣሚዎች «ሞተሩ ያፈላል» ተብሎ ወደ ጋራዥ የሚገባ ተሽከርካሪ በሽታው ክዳኑ ላይ ሆኖ ይገኛል።

ከፍታ በሞተሩ ትንፋሽ ላይም ይመጣል። ተርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ በዕርዳታ ድርጅቶች ዘንድ ለረጅም ዓመታት የታወቀው 4.2 ሊትር የላንድ ክሩዘር ሞተር፣ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። አሽከርካሪው ይህን ለማካካስ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ሲረግጥ፣ የሚቃጠልበት አየር ሳይኖር ናፍጣ ይገባል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ጉልበት ሳይጨምር ሙቀት ብቻ ይጨምራል። መፍትሔው ፔዳሉን ጥቂት ለቆ ማርሽ መቀነስ ነው።

ጭቃ እንደ ዳገት

በሚዛንና በቴፒ አካባቢ ዝናብ በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ወር ይጥላል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎችና ወደ ሰፈራ መንደሮች የሚገባው የአፈር መንገድ ቀዩ ጭቃ ሲረጥብ ጎማን ይይዛል። በተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ የመንከባለል እክል ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በለስላሳ ጭቃ ላይ ግን 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ ቀደም ሲል ከተጠቀሰው የ8 በመቶ ዳገት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ሜዳ መስሎ የሚታየው ጭቃ ለሞተሩ ዳገት ነው፤ ዳገት ላይ ጭቃ ሲጨመር ደግሞ ሸክሙ ድርብ ይሆናል። አሽከርካሪው «ሜዳ ላይ ለምን ጋለ?» ብሎ ከመደነቁ በፊት ይህን ማስታወስ ይገባዋል።

ጭቃው በሌላም መንገድ ይጎዳል። ከፊት ተሽከርካሪ የሚረጨው ጭቃ፣ የሣር ፍሬና ነፍሳት በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ገብተው ሲደርቁ አየር አያልፍም። ከፊት ሲታይ ንጹሕ የሚመስል ራዲያተር በውስጥ በኩል የተደፈነ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት፣ ኃይሉ በተመጠነ ውሃ ማጠብ ይሻላል፤ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ ክንፎቹን ያጣምማል።

በልማድ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

የመጀመሪያው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ብዙዎች ይህ ሞተሩን ያቀዘቅዛል ብለው ያምናሉ። ይሁን እንጂ በበርካታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር የማይሄደውን የውስጥ መተላለፊያ አብሮ ይዘጋል። እርሱ ሲወጣ መተላለፊያው ክፍት ስለሚቀር፣ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ውጤቱም ሜዳ ላይ ከልክ በላይ የቀዘቀዘ፣ ዳገት ላይ ግን ቶሎ የሚግል ሞተር ነው።

ሁለተኛው ከየወንዙ እየቀዱ መጨመር ነው። ደለል ያለበት ውሃ በጠባብ ቱቦዎች ውስጥ ይቀመጣል፤ ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ሲፈላ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው ያለ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። ቅርፊቱ ሙቀትን ስለሚከለክል ብረቱ ይግላል። ከንጹሕ ቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው፤ በዚህ አካባቢም እጥረት የለበትም። ዝገት የሚከላከለው ፈሳሽ ግን በውሃ ብቻ ሊተካ አይችልም።

ሦስተኛው መርፌውን ያለ ጥርጣሬ ማመን ነው። በብዙ ዘመናዊ ተሽከርካሪዎች ላይ መርፌው ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ መሐል ላይ ቆሞ እንዲታይ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ መነቃነቅ የሚጀምረው ሙቀቱ ከፍ ካለ በኋላ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ውሃው ፈስሶ ያለቀ እንደሆነ ነው። መለኪያው በውሃ ሳይሆን በባዶ ስፍራ ውስጥ ስለሚቀር ዝቅ ያለ ሙቀት ሊያሳይ ይችላል። በዳገት ላይ በድንገት የወረደ መርፌ የምሥራች አይደለም።

መርፌው ሲነሣ ምን ይደረግ?

መርፌው ከተለመደው ቦታው ማለፍ ሲጀምር አሽከርካሪው በቅድሚያ ፔዳሉን ይለቃል፤ ማርሽ ይቀንሳል፤ የአየር ማቀዝቀዣ ካለ ይዘጋል፤ የክፍሉን ማሞቂያም እስከ መጨረሻው ይከፍታል። ማሞቂያው እንደ ትንሽ ሁለተኛ ራዲያተር ስለሚያገለግል ለተሳፋሪው ባይመችም ለሞተሩ ይረዳል። ይህ ካልበቃ ደልዳላ ስፍራ ተፈልጎ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ በፒክአፑም በተጎታቹም ጎማ ሥር ድንጋይ ይደረጋል።

ከቆመ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አይገባም። ውሃ ካልፈሰሰ፣ ቺንጋው ካልተበጠሰና የዘይት ግፊት ካልወረደ፣ ሞተሩ ከተራ ዝግታ ጥቂት ከፍ ባለ ዙር እየሠራ ቢቆይ ፓምፑና ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ያወጣሉ። ከሦስቱ አንዱ ከደረሰ ግን ወዲያው ይጠፋል። ክዳኑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳያልፍና የላይኛው ቱቦ በእጅ የሚነካ ሳይሆን ፈጽሞ አይከፈትም፤ በግፊት የሚወጣው ፍል ውሃ ፊትና እጅ ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ወይም ከውጪ መድፋት የሞተሩን ራስ ሊሰነጥቅ ስለሚችል መከልከል አለበት።

ዳገቱን በሰላም የጨረሰ ባለ ተርቦ ሞተርም ከመጥፋቱ በፊት ሁለትና ሦስት ደቂቃ በዝግታ ሊሠራ ይገባዋል። ወደ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ ይዛወራል። ዳገቱ ሊወጣበት በሚችለው ማርሽ መውረድ የቆየ፣ ግን ዛሬም ያልተሻረ ደንብ ነው።

የጽሕፈት ቤቶች ድርሻ

ሙቀትን መጠበቅ የአሽከርካሪው ብቻ ኃላፊነት ተደርጎ መታየት የለበትም። የጭነቱን ልክ፣ የመነሻውን ሰዓትና የማከፋፈያውን ቀን የሚወስነው ጽሕፈት ቤቱ ነው። አንድ ተሽከርካሪ በቀትር ከጎጀብ እንዲወጣ የሚያስገድድ ፕሮግራም፣ ወይም «አንድ ኩንታል ቢጨመር ምን ይላል» የሚል ትእዛዝ የሞተሩን ዕድል አስቀድሞ ይወስናል።

ስለሆነም የሚከተሉት ተግባራት ቢለመዱ ጠቃሚ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የውሃው መጠን፣ ክዳኑ፣ ቱቦዎቹና ቺንጋው ይታዩ። ተጎታች የሚስብ ተሽከርካሪ መጠባበቂያ ቺንጋ፣ ቱቦና ቢያንስ 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይያዝ። ረጃጅሞቹ ዳገቶች ማለዳ ይታለፉ። በጉዞ መዝገቡ ላይ በታወቁ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በጎጀብ ድልድይ፣ በቦንጋ መግቢያና በዋቻ፣ የመርፌው አቋም ይመዝገብ። ባለፈው ወር መሐል ላይ የነበረ መርፌ በዚህ ወር በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት ከፍ ብሎ ከታየ፣ ሞተሩ ሳይቆም በፊት ችግሩ ታወቀ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አሽከርካሪው የመቆም ሙሉ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። በመዘግየቱ የሚወቀስ አሽከርካሪ መርፌው ቀይ እየነካ እንኳ «እደርሳለሁ» ብሎ ይቀጥላል። በዳገት ላይ 40 ደቂቃ ቆሞ ያቀዘቀዘ ተሽከርካሪ በዚያው ቀን ከመሸ በኋላም ቢሆን ይደርሳል፤ ሳይቆም ቀርቶ ሞተሩን ያቃጠለው ግን ለሳምንታት አይንቀሳቀስም። በማከፋፈያው ጣቢያ ከማለዳ ጀምረው ጆንያና የቀለብ ካርድ ይዘው ለተሰለፉት 126 ሰዎች በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ወር ምግብ ነው።